መጋቢት ላይ የተለጠፈ ሐምሌ

ጥር 18 ቀን 1979፣ ሰኞ ጠዋት

ሰማያዊው ቀለም አለቀ። ገና አራተኛው ወረቀት ላይ ነኝ። ግምጃ ቤት ሄድኩ፤ ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ አሉኝ። አቀረብኩ። ፊርማ ጎደለው። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባው ስለ ሥራ ቅልጥፍና ነው። ሳቂ እንጂ፣ ደብተሬ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ እንኳ በወጉ ነግሬሽ አላውቅም። ስናደድ ብቻ ነው የምመጣብሽ። ይኸውልሽ። አምና አንድ የውጭ አገር ባለሙያ መ/ቤታችን መጥቶ ነበር። ሲሄድ አንድ ካርቶን ሙሉ የኮምፒዩተር ወረቀት ትቶልን ሄደ። ዳር ዳሩ የተበሳሳ፣ እየታጠፈ የሚደረደር ረጅም ወረቀት። ውስጡ ቁጥር ብቻ። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር የዓለምን ውሃ አስልቶ ያወጣው ቁጥር ነው። ዓለምን ከዳር እስከ ዳር በአራት ማዕዘን ሸንሽነዋታል። ለእያንዳንዱ አራት ማዕዘን፣ ለእያንዳንዱ ወር፣ ስንት ውሃ ተነነ፣ ስንት ዘነበ፣ ስንት ወደ ወንዝ ወረደ።

ያንን ቁጥር ወደ ቀለም የምለውጠው እኔ ነኝ። ደረቁ ቡኒ። መካከለኛው አረንጓዴ። ርጥቡ ሰማያዊ። ለየወሩ አንድ ትልቅ ወረቀት፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት። መገናኛ አጠገብ ባለው አዳራሽ ለሰፊው ሕዝብ ይታያል ተብሏል። የውሃ ምህንድስና ተምሬ አራት ማዕዘን ስቀባ ውዬ አድራለሁ። ይሁን።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን እንጦጦ የለም። ፈለግኩት፣ የለም! ከዓባይ በረሃ እስከ አዋሽ አንድ አራት ማዕዘን፣ አንድ ቁጥር፣ ልሙጥ መሬት። የተወለድኩበትን ተራራ ደምስሰውታል። አባባ በዚህ ኮምፒዩተር ዓለም ሜዳ ላይ ነው የሚያርሱት።


ጥር 22፣ ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት

ዛሬ አልናደድም። ቢያንስ ምሳዬን እስክጨርስ።

ቀለሙ መጣ። ዘጠነኛው ወረቀት ደረሰ። ይደርቁ ብዬ የጨረስኳቸውን ደራርቤ ዳራቸውን ይዤ በአውራ ጣቴ ለቀቅ ለቀቅ ሳደርጋቸው ምን አየሁ መሰለሽ። ተንቀሳቀሰ! ሰማያዊው መቀነት ከምድር ወገብ በታች ተነሣ፣ ቀስ እያለ ወደ ሰሜን ወጣ፣ እኛ ጋ ደረሰ፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ላይ አገሩን አለበሰው፣ ከዚያ መመለስ ጀመረ። ጮህኩ። ሰብለ ምን ሆንሽ ብላ ከጽሕፈት ክፍል እየሮጠች መጣች። ሰብለ ጓደኛዬ ናት፤ የመ/ቤቱን ማስታወቂያና ርዕስ ሁሉ የምትጽፍና የምትለጥፍ እሷ ናት። ደግሜ አሳየኋት። ደግማ አስደገመችኝ።

ኮምፒዩተር ዝናብ በምን ያውቃል አለችኝ። አያውቅም አልኳት። መደመርና መቀነስ ብቻ ነው የሚያውቀው። መሬቱን አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን እንደ ባልዲ ነው የሚያየው። ባሕሩ ይተናል። እንፋሎቱን ነፋስ ይቀበላል፤ አንዱ አራት ማዕዘን ለጎረቤቱ ያቀብለዋል፣ ጎረቤቱ ለሚቀጥለው፣ ቤት ሲቃጠል ሰዎች ውሃ እንደሚቀባበሉት። አየሩ መሸከም ሲያቅተው ያዘንባል። ባልዲው ይሞላል። ከባልዲው ፀሐይ ትጠጣለች። ሞልቶ የተረፈው ወደ ወንዝ፣ ወንዙ ወደ ባሕር። ከዚያ እንደገና። አንዲት ጠብታ አትጠፋም፤ ከጠፋች ሒሳቡ ስሕተት ነው። ሰብለ ወረቀቱን ዳበሰችው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ከዚያ ጓድ ሽመልስ ገባ። የክፍላችን ኃላፊ። ውሃን የሚያውቀው ሲጠጣው ነው፤ ኃላፊ ያደረገው አፉ ነው። ወረቀቶቹን እጁን ኋላ አጣምሮ ጎበኘ። ለምንድነው የእነ እገሌ አገር ከእኛ ይበልጥ ሰማያዊ የሆነው አለ። ቁጥሩ ነው አልኩት። ትንሽ ሰማያዊ ብንጨምርስ አለ። ዝናብ በመመሪያ አይጨመርም ጓድ አልኩት። ሰብለ ከጀርባው በዓይኗ ተቆጣችኝ። ይኸው ተናደድኩ፤ ምሳዬንም አልጨረስኩ።


ጥር 28፣ ሐሙስ ማታ

አለቀ። አሥራ ሁለቱም። እጄ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስሚኝ። የኮምፒዩተሩ ወረቀት ላይ ወሮቹ በስም አልተጻፉም፣ በቁጥር ነው፤ ከ1 እስከ 12። የፈረንጅ ወር ነው እንግዲህ። ቁ. 1 የእነሱ ጃንዋሪ፤ የእኛ የታኅሣሥ መጨረሻና ጥር። እኔም ወረቀቶቹ ላይ ቁጥሩን በእርሳስ ጽፌ ከግርጌ ለወር ስም ነጭ ቦታ ተውኩ። የሚለጠፈውን አዘጋጅቼ ለጓድ ሽ. ሰጠሁት፦ ቁ. 1 ታኅሣሥ–ጥር፣ ቁ. 2 ጥር–የካቲት፣ እንዲህ እያለ።

አነበበው። ለአንድ ሥዕል ሁለት ወር ሰፊውን ሕዝብ ያደናግራል አለ። እንግዲያው በፈረንጁ ስም እንጻፈው አልኩ። የአብዮታዊ አገር ኤግዚቢሽን በጃንዋሪ አይጀምርም አለ። ታዲያ እንዴት ይሁን አልኩት። የአንቺ ድርሻ ቀለሙ ነበር፣ ጨርሰሻል፣ የቀረው የጽሕፈት ክፍል ነው አለ። ነገ ጠዋት ወደ መስክ ትወጫለሽ፤ አዋሽ ላይ ያለው የውሃ መለኪያ ተበላሽቷል። ዛሬ ነው የሚነግረኝ! እኔ ሳላየው እንዳይለጠፍ ብዬ ተከራከርኩ። ጓድ አስካለ፣ ዲሲፕሊን አለኝ።

በሩን ስወረውረው መስታወቱ ተሰነጠቀ። ደስ አለኝ።


የካቲት 15፣ እሑድ፣ አመሻሽ

ትናንት ከመስክ ገባሁ። አቧራውን እንኳ ሳላራግፍ ዛሬ ቅበላ ነው ብዬ ወደ አባባ ወጣሁ። በየካ በኩል፣ ባሕር ዛፉን ሰንጥቄ፣ ከተራራው ጀርባ። በቅደም ተከተል ልሞክር።

አባባ ከደጅ ተቀበሉኝ። እንዲህ ፊታቸው በርቶ አይቻቸው አላውቅም። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ጎረቤታቸው ኦቦ ደበላ አሉ፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አለ፤ ሌሎችም። ሁሉም ለእኔ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ለእኔ! ምን ተገኘ ብል፣ ለካ እኔ መስክ ሳለሁ ማኅበሩን በጭነት መኪና ጭነው ኤግዚቢሽኑን አስጎብኝተዋቸዋል። አስጎብኚው ይህን የሠራችው ጓድ እገሊት ናት ብሎ ስሜን ሲጠራ አባባ ከሕዝብ መሐል እጃቸውን አውጥተው ልጄ ናት ብለዋል። ሰው አጨብጭቦላቸዋል። ሦስት ጊዜ ተረኩልኝ። ሦስቱንም ጊዜ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እኔም ልቤ ሞላ። ከዚያ ኦቦ ደበላ በጨዋታ መካከል፣ እንግዲህ ዘንድሮ ሰኔን መጠበቅ ቀረ አሉ። እንዴት አልኩ። እሳቸውም አንቺው ሠርተሽው አንቺው ትጠይቂኛለሽ ብለው ሳቁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አስጎብኚው በዱላ እየጠቆመ ትልቁ ዝናብ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፣ ሐምሌ ደረቅ ነው፣ ኮምፒዩተሩ ያለው ይህን ነው ብሏቸዋል። ማኅበሩ ተሰብስቦ ገብሱ የካቲት ማለቂያ ላይ ይዘራ ብሎ ወስኗል። የፊታችን እሑድ ሳምንት፣ በየካቲት 29፣ ዘሩ በኅብረት ይወጣል።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ኦቦ ደበላ መጀመሪያ አሻፈረኝ ብለው ነበር አሉ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፣ ቢሻኝ ብቻዬን እቀራለሁ ብለው። ከዚያ አባባ ብድግ አሉ። የልጄ የእጅ ሥራ ነው፣ እኔ ቀድሜ እዘራለሁ አሉ። የአባባ ቃል በዚያ አካባቢ ይከበራል፤ ሐሰት ተናግረው አያውቁም። እጅ ወጣ። በሙሉ ድምፅ።

ያ ዘር በክፉው ዘመን እንኳ ያልተበላ ዘር ነው። አባባ ቀበቷቸውን እያጠበቁ ያሳለፉት ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ አፈር ውስጥ ከገባ አለቀለት፤ ካፊያ ነክቶት ይበቅላል፣ ከዚያ ፀሐይ ትቆላዋለች። ለሰኔ የሚዘራ አንድ ፍሬ አይቀርም። እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ መንደሩ በሙሉ።

ሥጋው አፌ ውስጥ ቀረ። ምንም አልተናገርኩም። መጀመሪያ በዓይኔ ልየው ብዬ።


የካቲት 16፣ ሰኞ

አየሁት።

ቁ. 1 ሥር «መስከረም»። ቁ. 2 ሥር «ጥቅምት»። እንዲያ እያለ ተሰልፎ፣ ቁ. 7 ሥር «መጋቢት»፣ ቁ. 8 ሥር «ሚያዝያ»። በሰብለ ውብ የእጅ ጽሕፈት።

ገባሽ? የፈረንጁን አንደኛ ወር የእኛ አንደኛ ወር አድርገውታል! ዓመት በመስከረም ይጀምራላ! ሐምሌን አንሥተው መጋቢት ላይ ለጠፉት። የኅዳርን ድርቅ አምጥተው ሐምሌ ላይ። መስከረም ጠብቶ አገሩ ሁሉ ቡኒ፣ አደይ አበባ በአቧራ መሐል! አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ በመስኮት ወጣ ብሎ ያላየ? ተማሪዎች ከኮተቤ መጥተው ይገለብጡታል። ቆሜ አየኋቸው፤ በእርሳስ፣ በጥንቃቄ።

ሌላም አለ። ስሙ በትክክል ቢለጠፍ ኖሮ እንኳ ትንበያ አይደለም። የዘንድሮ ዝናብ አይደለም። ኮምፒዩተሩ ውሃው እንዴት እንደሚዞር የሚያሳይ የታሰበ ዓመት ነው፤ እንጦጦ እንኳ የሌለበት ዓለም ውስጥ የታሰበ። አስጎብኚው ግን እንደ ጠንቋይ ነው የሚያወራው።

ጓድ ሽ. ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። ተናገርኩ። መጀመሪያ አልገባውም። በእጁ ጣቶች መቁጠር ጀመረ፤ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት… ሲገባው ፊቱ አመድ ለበሰ። አይቼዋለሁ፣ ደብተሬ፣ ገብቶታል። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ታላቅ ባለሥልጣን መርቀው የከፈቱት ነው። በሰባተኛው ወረቀት ፊት ቆመው ተደንቀዋል። ፎቶግራፍ ተነሥቷል። አሁን ተሳስቷል ማለት እሳቸውን ተሳስተዋል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ሌላ ስም አለው። ስሙን አልጠራውም። እኔ ጠራሁለት፤ አሻጥር አልኩ። እሱ ነው አለ፤ ደግሞም ቀለሙ የማን እጅ ነው? ስምሽ ከታች አለ።

ገበሬ ሊዘራበት ነው አልኩት። ገበሬ መቼ እንደሚዘራ በሥዕል አይማርም፣ አታጋንኚ አለኝ።

ማጋነን! በቁሜ ነደድኩ።


የካቲት 18፣ ረቡዕ

ሰብለ ላይ ጮህኩባት። ማን ነው የለጠፈው ብዬ፣ ማን እንደለጠፈው እያወቅኩ። ጓድ ሽ. በእጁ ጽፎ የሰጣትን ነው የጻፈችው። ልክ ነው ወይ ብላ ጠይቃዋለች። ከመስከረም በፊት የሚመጣ ወር ታውቂያለሽ ወይ ብሏት ሌሎቹ ፊት አስቋባታል። ከዚያ በኋላ አፏን ዘጋች። እሷን ደግሞ ያውቋታል፤ ጸሎት ቤት የምትሄድ የነበረች ተብላ በዓይን ትጠበቃለች።

አለቀሰች። ስሜን አትጥሪ አስኩ፣ ልጆች አሉኝ አለችኝ። ዝም አይነቅዝም አለችኝ። ዝምታው ባይነቅዝም ዘሩ ይጠፋል አልኳት። ክፉ ሆንኩባት። አሁን ይጸጽተኛል። ስሟን አልጠራም።


የካቲት 20፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ፈቃድ ሳልጠይቅ ወጥቼ ወደ አባባ ሄድኩ። እርሻው ዳር ድንጋይ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሥዕሉ ልክ ነው፣ ከሥሩ የተለጠፈው ስም ነው የተሳሳተው፤ ሐምሌን ነው መጋቢት ያሉት አልኳቸው።

ድንጋያቸውን ለቀሙ። ከዚያ ምን አሉ መሰለሽ። ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር አሉ።

ታዲያ ለምን! አልኳቸው፤ አባቴ ላይ ጮህኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እሳቸው አልጮኹም። የሰማዩን ነገር ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ግን የአንቺ ስም ተጠራ፤ ዓይኔን ልመን ወይስ ልጄን ብዬ አሰብኩ፤ ልጄን አልኩ። እንዲሁ ነው ያሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

አሁን ይንገሩልኝ፣ ተሳስቷል ይበሏቸው አልኩ። እምቢ አሉ። ሊቀ መንበሩ በቃለ ጉባኤ ጽፎታል፤ የልጅቱ መ/ቤት ተሳስቷል ከተባለ አንቺን ነው የሚወስዱሽ አሉ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እኔ የራሴን እዘራለሁ፣ ቢጠፋም የእኔ ነው። የኦቦ ደበላስ አልኩ። የሌሎቹስ? ድንጋይ አነሡ።

ደህና ይሁኑ እንኳ ሳልል ቁልቁል ወረድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም። በሁሉም። ለእኔ ብሎ የሚጠፋ ሰው አልጠየቅኩም!


የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ዘነበ።

ስድብ ነው። ሰማዩ እኔን ለመስደብ ያዘነበው ነው። ከቀትር በኋላ ከእንጦጦ በኩል ጠቆረ፣ ነጎደ፣ አንድ ሰዓት ያህል ወረደ። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የሚጥል የበልግ ዝናብ ነው፤ ነገ ተነገ ወዲያ ይተናል። ግን ለማን ይነገራል። አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ሰውዬ ኮምፒዩተሩ ያለው ደረሰ ሲል ሰማሁ። መገናኛ እስክደርስ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ጓድ ሽ. በኮሪደሩ አለፈኝ። ጃንጥላውን እያራገፈ። ፈገግ አለ። ምን ይመስልሻል ጓድ አስካለ አለ። አዎ፣ ፈገግ አለ።

የእንጦጦ ገበሬ አሁን ሞፈሩን እያሰረ ነው። መሬቱ ርሷል። ኦቦ ደበላ እንኳ ልባቸው ይቀልጣል። የማውቀውን ባልዲ አሰብኩት፤ ሁለት ጣት ቢሞላ ነው፣ ፀሐይዋ ደግሞ ከላዩ ቆማለች።


የካቲት 27፣ ዓርብ

ለጓድ ሽ. የበላይ ለማመልከት ሞከርኩ። ጸሐፊው ከማን ፈቃድ አገኘሽ አለኝ። ከጓድ ሽ. ማግኘት አለብኝ! እሺ።

አዳራሹ ሄጄ ለአስጎብኚው ልነግረው ብሞክር ልጁ ፈራ፤ የተሰጠኝን ነው የምለው እትዬ አለኝ። ላብ አጠመቀው። ተውኩት።

ቆርጫለሁ። እሑድ ስብሰባው ላይ ቆሜ እናገራለሁ። አባባ ሳይናገሩ። ሰብለን ሳልጠራ። ምን እንደምል ስለማመድ ዋልኩ። ድምፄ እየወፈረ ነው፤ ቀስ ማለት አለብኝ። ስናደድ ሰው አይሰማኝም።


የካቲት 29፣ እሑድ፣ ማታ

ዘሩ ተርፏል። መጀመሪያ ይህን ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለው ደስ አይልም።

በማኅበሩ ቤት ደጃፍ ሰው ተሰበሰበ። እያንዳንዱ ዘሩን በአህያም በትከሻም አምጥቶ ፊት ለፊቱ አስቀምጧል። አባባ ከፊት ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን ለብሰዋል። ሊቀ መንበሩ መፈክር አሰማ። ከዚያ ልናገር ብዬ እጄን አወጣሁ። ያቺ የኮምፒዩተሯ ተብዬ ተጨበጨበልኝ።

ጀመርኩ። ዘሩን ዛሬ አታውጡት አልኩ። ያያችሁት ትልቁ ዝናብ የመጋቢት አይደለም አልኩ። ከሥዕሉ ሥር የተለጠፈው ወር… እስከዚህ ደረስኩ። ሊቀ መንበሩ አቋረጠኝ።

«ጓድ፣ ግልጽ አድርጊልን። መንግሥት የከፈተው ኤግዚቢሽን ስሕተት ነው ነው የምትይው? ጸሐፊ፣ መዝግብ። ስምሽን ከነአባትሽ ተናገሪ።»

ስሜን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፤ ልናገር ነበር። ግን አባባ ቀድመውኝ ተነሡ።

«ልጄን አትጠይቋት» አሉ። «ሥራዋ ልክ ነው። አዳራሹም ልክ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሊቀ መንበሩ እንዴት አላቸው።

«ፊደል አልቆጠርኩ፤ ዓይኔም ደክሟል። ሥዕሉን ከኋላ ወደ ፊት አነበብኩት። ክረምቱን በጋ፣ በጋውን ክረምት አድርጌ እናንተንም አሳሳትኩ። ልጄ የመጣችው የእኔን ጅልነት ልታርም ነው። ሰው ዘሩን ይዞ ይግባ። በሰኔ ይዘራል። ይቅር በሉኝ።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም። ሊቀ መንበሩም ሳቀ፤ ከእሱ ትከሻ ላይ ምን ያህል ሸክም እንደወረደ አየሁ። ከእርስዎ ጋር አብረን ነበርን እኮ፣ እኛም ሰምተናል የሚል አንድም ሰው የለም። አብረዋቸው አዳራሹ ቆመዋል! አስጎብኚውን በጆሯቸው ሰምተዋል! በሙሉ ድምፅ እጅ ያወጡት እነሱ ናቸው። ግን አንድ ሽማግሌ ሞኝ ሲሆን ሌላው ሁሉ ብልኅ ይሆናል፤ ይህ ደስ ይላል።

ኦቦ ደበላ ብቻ አልሳቁም። አባባን አተኩረው አዩአቸው። ከዚያ ስልቻቸውን አንሥተው ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሌላው ተከተለ።

አባባንና ዘራቸውን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ለምን አልኳቸው።

«ዘሩ ቤቱ ገባ፣ አንቺም ቤትሽ ትገቢያለሽ» አሉኝ። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

መንገድ ላይ የሰፈሩ ልጆች ሰልፍ ሠርተው አለፉን። ሁሉም ወደ ኋላ እየተራመዱ ነበር። ከኋላ ወደ ፊት፣ ከኋላ ወደ ፊት እያሉ። አባባ ያላዩ መሰሉ። ከዘራቸውን ግን ጠበቅ አድርገው ያዙት።


የካቲት 30፣ ሰኞ ጠዋት

አልተኛሁም። አልበላሁም፤ ጾሙ አይደለም።

ሰባ ዓመት ሙሉ ማንም ያልሳቀባቸው ሰው ናቸው። በእኔ ሥራ ኮርተው አንድ ቀን ተጨበጨበላቸው፤ በእኔ ምክንያት ደግሞ ጅል ነኝ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ጓድ ሽ. ጃንጥላውን ይዞ ቢሮው ገብቷል። ባለሥልጣኑ ፎቶግራፋቸው አላቸው። አዳራሹ ልክ ነው። ኮምፒዩተሩ ልክ ነው። መ/ቤቱ ልክ ነው። በዚህ አገር የተሳሳተው አባባ ብቻ ናቸው!

አይሆንም። ከተራራው ማዶ ደግሞ ሌሎች መንደሮች አሉ፤ እነሱንም በጭነት መኪና አምጥተው አስጎብኝተዋቸዋል። ለእነሱ ማን አባት ይነሣላቸዋል?

ዛሬ ምሳ ሰዓት፣ አዳራሹ በሰው ሲሞላ፣ እሄዳለሁ። በእኔ የእጅ ጽሕፈት ነው የጻፍኩት፣ የሰብለ እጅ እንዳይመስል ሆን ብዬ ደፍጥጬ። ታኅሣሥ–ጥር። ጥር–የካቲት። እስከ መጨረሻው። ከሥሩም ይህ የዘንድሮ ዝናብ አይደለም የሚል ጨመርኩ። ሙጫ አለኝ። ወንበር አዳራሹ ውስጥ አለ። በሰው ሁሉ ፊት ወንበር ላይ ወጥቼ አንድ በአንድ እልጥና አንድ በአንድ እለጥፋለሁ። ማነሽ ሲሉኝ ስሜን ከነአባቴ እናገራለሁ፤ ትናንት ሳልጨርሰው የቀረሁትን።

አንቺን ደብተሬ ለሰብለ አልሰጥሽም፤ ከአንቺ ጋር እንዳይይዟት። እዚሁ ትራስ ሥር ቆዪ። ልብሴን ለብሻለሁ።

ምን ብዬ እንደምጀምር አሁን አውቃለሁ። አባቴ ሥዕሉን በትክክል ነው ያዩት ብዬ ነው የምጀምረው።